ልቡ እየመታ ደም ለምን ታየኝ?

የጠያቂዋ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የ8 ሳምንት እርጉዝ ነኝ። ዐምና አንድ ጊዜ በ7 ሳምንቱ ጨንግፎብኛል። ባለፈው ሐሙስ ቡናማ፣ በማግስቱ ደግሞ ቀላ ያለ ደም አየሁ፤ ወገቤንም ቆረጥ ቆረጥ አደረገኝ። አልትራሳውንድ ስታይ የጽንሱ ልብ በደቂቃ 164 ይመታል፣ የማሕፀን በርሽ ዝግ ነው፣ ከከረጢቱ ጎን ግን ትንሽ ደም ተቋጥሯል አሉኝ። ወረቀቱ ላይ ‹ትሬትንድ አቦርሽን› ይላል። የደም ዓይነቴ ኦ ኔጌቲቭ ነው። አማቴ ‹ይሄ ሾተላይ ነው፤ ደግሞ ባጃጁ አናውጦሻል፣ ጀሪካኑንም አልተውሽም› ይላሉ። ጾመ ነቢያትን እየጾምኩ ነው፤ በኅዳር ለዘመድ ለቅሶ ቆላ ድባ ሄጄ ሦስት ቀን አድሬያለሁ። ምክንያቱ ምንድን ነው? መተኛት አለብኝ? ጽንስ የሚይዝ መርፌ አለ የሚሉስ እውነት ነው?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ደስ ያለኝ አንድ ነገር አለ፤ ወረቀቱን በደንብ አንብበሽዋል። ብዙ ሰው «አስፈራርቶኛል» ብሎ ብቻ ይመጣል። ‹ትሬትንድ አቦርሽን› የሚለው ስም ሲነበብ ይከብዳል እንጂ የሚናገረው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ በእርግዝናው መጀመሪያ ደም ታይቷል፣ የማሕፀን በር አልተከፈተም፣ ጽንሱ በሕይወት አለ። ወርዷል አይልም፤ ይወርዳልም አይልም። ከአራት እርጉዝ ሴቶች አንዷ ገደማ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ደም ታያለች። ደም ታይቶ፣ እንዳንቺ በአልትራሳውንድ የልብ ምት ከተረጋገጠ በኋላ፣ ከ10 እርግዝና 9ኙ ገደማ ይቀጥላል። የዐምናው መጨንገፍ ይህን ቁጥር በጥቂቱ ዝቅ ቢያደርገው እንጂ አይገለብጠውም።

አማርኛችን እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ልዩነት አለው፤ እኛ ግን እናምታታዋለን። «አስወረደች» ስንል አድራጊዋ እሷ ናት። «አስወረዳት» ስንል ግን አድራጊው ሌላ ነው፤ እሷ የደረሰባት ናት። ቃሉ ጫፍ ላይ ያለችው ድምፅ ሙሉ ፍርዱን ትለውጠዋለች። የአማትሽን ንግግር ስሰማው፣ በአፋቸው «ሊያስወርዳት» ይላሉ፤ በባጃጁና በጀሪካኑ ግን «ልታስወርድ» እያሉሽ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ስለዚህ ልዩነት ነው።

ከምክንያቱ በፊት ግን አንድ የሚቀድም ነገር አለ፤ አንቺ ተመልሶልሻል፣ ሌላ አንባቢ ግን ላይመለስላት ይችላል። እርጉዝ ሆና ደም ያየች ሴት መጀመሪያ የምትጠይቀው «ለምን ደማሁ?» ሳይሆን «ጽንሱ የት ነው ያለው?» ነው። ከ100 እርግዝና አንዱ ወይም ሁለቱ ከማሕፀን ውጭ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማሕፀን ቱቦ ውስጥ፣ ይቀመጣል። እሱም የሚጀምረው እንዲሁ በትንሽ ደምና በቁርጠት ነው። ጎንደር በሥልጠና ላይ ሳለሁ ከገጠር አንዲት ሴት አመጡልን፤ ደም ስታይ «ተኚ፣ አትነሺ» ተብላ አምስት ቀን ተኝታለች። ስትደርስ ከንፈሯ ነጥቷል፣ ትከሻዬን አመመኝ ትላለች፤ ሆዷ በደም ተሞልቶ ነበር። በቀዶ ጥገና ተረፈች። ትከሻን ማመሙ የሚገርማችሁ ካለ፣ ሆድ ውስጥ የፈሰሰው ደም ድያፍራምን (ሆድንና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ) ሲነካ ሕመሙ የሚሰማው ትከሻ ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ በአልትራሳውንድ ቦታው ያልታወቀ እርግዝና ኖሮ ደም ሲታይ፣ የሚቀድመው መተኛት ሳይሆን መታየት ነው። ወይን ፍሬ የመሰለ ነገር እየወጣ ማስታወክም ከልክ ሲያልፍ ደግሞ የወይን ዘለላ መሰሉ እርግዝና (እንግዴ ልጁ በተዛባ መንገድ የሚያድግበት) ሊሆን ይችላል፤ እሱም በአልትራሳውንድ ይለያል።

ያንቺ ማሕፀን ውስጥ ነው፤ ልቡም ይመታል። እንግዲህ ወደ «ለምን» እንሂድ።

ለአሁኑ ደም መልሱ እዚያው ወረቀትሽ ላይ ሳይሆን አይቀርም፦ ከከረጢቱ ጎን የተቋጠረው ደም። ሐኪሞች «ሰብኮሪዮኒክ ሄማቶማ» የሚሉት ነው። ጽንሱ ማሕፀን ግድግዳ ላይ ሲተከል፣ በኋላ እንግዴ ልጅ የሚሆነው ክፍል ሥሮቹን እየሰደደ የእናቲቱን ደም ሥሮች ይከፍታል። ይህ ሥራ በንጽሕና የሚከናወን አይምሰልሽ። አንዳንድ ጊዜ ከከረጢቱ ሽፋን ጠርዝ ትንሽ ይላቀቅና ደም ከሽፋኑ ኋላ ይቋጠራል። ከፊሉን ሰውነትሽ መልሶ ይመጠዋል፣ ከፊሉ ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ለዚህ ነው በመጀመሪያ ቡናማ ያየሽው፤ ቡናማ ደም ቆይቶ የወጣ ደም ነው። በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታትም ጥቂት ቡናማ ደጋግሞ ቢታይሽ የተቋጠረው እየወጣ ሊሆን ይችላል። ትንሽ የደም ቋጠሮ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። የሚያሳስበው ከረጢቱን ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሲከብ ነው፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ «መጠኑ ስንት ነው? ከከረጢቱ ጋር ሲነጻጸርስ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ወረቀቱ ላይም ያስፍሩልሽ።

ለምን ተቋጠረ ብትዪኝ፣ በአብዛኛዋ ሴት ላይ የሚጠቀስ አድራጎት የለም። ከባጃጅ ጋር አይገናኝም። በ8 ሳምንት ማሕፀንሽ ገና ከዳሌ አጥንትሽ ውስጥ ነው፤ ጽንሱም 1.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ በውኃ ከረጢት ውስጥ ተንሳፍፏል። የአዘዞና የፒያሳ መንገድ ወገብሽን ሊያደክመው ይችላል እንጂ ከዚያ አያወርደውም። አንዲት ጀሪካንም እንደዚሁ። ቀኑን ሙሉ፣ በየቀኑ ከባድ ሸክም የሚሸከሙ ሴቶች ላይ ስጋቱ በጥቂቱ ከፍ ይላል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ስለዚህ ባለቤትሽ ውኃውን ቢቀዳ አልቃወምም። ግን ጥፋተኛ ፍለጋ ከሆነ ጀሪካኑ ነጻ ነው። ድንጋጤ፣ ምች፣ የሸተተ ወጥ፣ የተጣላ ጎረቤትም እንደዚያው። አንድ ነገር ብቻ ከዚህ እለያለሁ፦ ሆድ ላይ የደረሰ ምት። ይህ ያንቺ ነገር ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን በቤት ውስጥ የሚመታት ሰው ኖሮ ይህን የምታነብ ሴት ካለች፣ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን መታየት እንደምትፈልግ ለነርሷ ብትነግራት ይበቃል።

ዐምና በ7 ሳምንት የሆነው ሌላ ታሪክ ነው፤ አንቺም በልብሽ ከአሁኑ ጋር እንዳገናኘሽው ይገባኛል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚጨነግፉ እርግዝናዎች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት የሚቋረጡት ጽንሱ የተሸከማቸው ክሮሞሶሞች (የዘር መረጃ የያዙ ክሮች) ቁጥራቸው ስለተዛባ ነው። ከእናት 23፣ ከአባት 23 ተገናኝተው 46 መሆን ሲገባቸው አንዱ ይጨምራል ወይም ይጎድላል። ጎንደር የቁም ጸሐፊ አገር ስለሆነ እንዲህ ብል ይገባሻል፦ ጸሐፊው ብራናውን ሲገለብጥ ገና ከመነሻው አንድ ገጽ ዘለለ። መጽሐፉ ወደፊት ሊሄድ አይችልም። ስሕተቱ የደረሰው በፅንሰቱ ሰዓት ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ አንቺ እርጉዝ መሆንሽን ሳታውቂ፣ ጀሪካኑንም ሳትሸከሚ። ሌላ ብራና ሲጀመር ደግሞ ያው ስሕተት ይደገማል የሚል ሕግ የለም። ዕድሜ ሲገፋ ግን ይበዛል፤ ከ35 ዓመት በኋላ፣ ይበልጡንም ከ40 በኋላ። አንቺ 27 ነሽ። አንድ ጊዜ መጨንገፍ በጣም የተለመደ ስለሆነ (ከታወቁ እርግዝናዎች ከ10 እስከ 20 በመቶው ይጨነግፋሉ) ለአንዱ ብቻ ብለን የዘር ምርመራ አናዝም።

አሁን ወደ ሾተላይ። ይህን ቃል ማለፍ አልችልም፤ ሁለት ነገር በአንድ ስም ስለሚጠራ። የድሮው ሾተላይ ልጆቿን በተከታታይ የሚያሳጣት ክፉ መንፈስ ነው። የአሁኑ ሾተላይ፣ ጤና ባለሙያዎቻችን ቃሉን ተውሰው፣ የእናትና የልጅ የደም ዓይነት አለመጣጣም ሆኗል። አማትሽ የትኛውን እንዳሉ አላውቅም፤ ምናልባት ሁለቱንም። ሁለተኛው እንዲህ ነው፦ አንቺ ኔጌቲቭ ነሽ፤ ጽንሱ ፖዘቲቭ ከሆነና ደሙ ወደ ደምሽ በበቂ መጠን ከገባ፣ ሰውነትሽ እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ያዘጋጅበታል። ያ መከላከያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ቀጣዩን ፖዘቲቭ ልጅ ነው፤ ጉዳቱም የሚታየው እርግዝናው ከገፋ በኋላ ነው፦ የልጁ ደም ማነስ፣ ውኃ መቋጠር፣ ከተወለደ በኋላ ቢጫ መሆን፣ ሲብስ በማሕፀን መሞት። በ8 ሳምንት ደም አያስፈስስም። የዐምናውንም በ7 ሳምንት እሱ አላቋረጠውም። ስለዚህ አማትሽ ቃሉን አግኝተዋል፣ ቦታውን ግን ስተዋል።

ቢሆንም ኔጌቲቭ መሆንሽ በኋላ ስለሚያስፈልግ ከአሁኑ ይያዝ። መጀመሪያ የባለቤትሽ የደም ዓይነት ይታይ። እሱም ኔጌቲቭ ከሆነ ልጁም ኔጌቲቭ ነው፤ ጉዳዩ እዚያው ይዘጋል። ፖዘቲቭ ከሆነ ባንቺ ደም ውስጥ መከላከያው ተፈጥሮ እንደሆነ የሚያሳየውን ምርመራ (ኢንዳይሬክት ኩምብስ) ታደርጊያለሽ፤ ከሌለ በ28 ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ የአንቲ-ዲ መርፌ (ሰውነትሽ ያንን መከላከያ እንዳያዘጋጅ የሚያደርገውን) ትወስጃለሽ። አሁንስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ከ12 ሳምንት በታች ሙሉ በሙሉ ለወረደ እርግዝና እንኳ መርፌው አያስፈልግም ብሏል፤ ለጥቂት ደም መታየትማ ይበልጡን። አንዳንድ ሐኪም ለጥንቃቄ ቢሰጥሽ አይጎዳሽም። ከ12 ሳምንት በኋላ ደም ከታየሽ ግን ነገሩ ይለያል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ስለመርፌው ጠይቂ። ዋጋው ቀላል ስላልሆነ፣ በተፈለገ ሰዓትም ሁሉ ፋርማሲ ላይኖር ስለሚችል፣ ለ28ኛው ሳምንት አስቀድማችሁ አፈላልጉ።

የቆላ ድባው ነገር፣ አንቺ በጨረፍታ የጻፍሽው፣ ለእኔ ከባጃጁ ይበልጣል። ደምቢያ ወባ ያለበት አገር ነው፤ ኅዳር ደግሞ ከክረምት በኋላ ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ወባ እርጉዝ ሴትን አብዝታ ትጎዳለች፤ ትኩሳቱም፣ የደም ማነሱም፣ ራሱ ተውሳኩም ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ካለሽ ነገ ሳትዪ ዛሬ የደም ምርመራ አድርጊ። ለመተማና ለሑመራ ወዳጆቻችሁም ይህን ንገሩ። ከተገኘብሽ እርጉዝ መሆንሽንና ስንት ሳምንት እንደሆነ ተናግረሽ መድኃኒቱን ከጤና ተቋም ውሰጂ፤ ቤት ውስጥ ከሰው የተረፈ ክኒን አትዋጪ። በዚያው የሽንት ምርመራም ይደረግልሽ። የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ወገብና እምብርት ሥር ስለሚቆርጥ በቀላሉ ከውርጃ ቁርጠት ጋር ይምታታል። የቂጥኝ ምርመራ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ለሁሉም የሚደረግ ነው፤ «እኔን ምን አስጠረጠረኝ» ብለሽ አትቆጪ።

ደሙ ጭራሽ ከጽንሱ ጋር የማይገናኝበት ጊዜም አለ። በእርግዝና የማሕፀን በር ደም ይበዛበታል፣ ይለሰልሳል፤ ቁስለት፣ ትንሽ ሥጋ መሰል እበጥ (ፖሊፕ) ወይም ኢንፌክሽን ካለበት ከግንኙነት በኋላ በቀላሉ ይደማል። ይህን የሚያየው ዐይን ነው፤ ሐኪሟ በመሣሪያ ከፍታ ታየዋለች። ብዙ ሴቶች «ሊነካው ነው፣ ያወርደዋል» ብለው እምቢ ይላሉ። አያወርደውም። በብልት በኩል የሚደረገው አልትራሳውንድም እንዲሁ፤ በዚህ ዕድሜ ከሆድ በላይ ከሚደረገው አጥርቶ ያሳያል።

የቀሩትን ምክንያቶች ለአንቺ ስለማይቀርቡ በፍጥነት ልለፋቸው። ቁጥጥር ያጣ ስኳር፣ የታይሮይድ መዛባት (አንገትሽ ላይ እንቅርት ካለ አሳዪ)፣ ወደ ማሕፀን ክፍተት የገባ ማዮማ (የማሕፀን ዕጢ)፣ ለሁለት የተከፈለ ማሕፀን፣ እንዲሁም ደም እንዲረጋ የሚያደርግ አንቲፎስፎሊፒድ የተባለ ሕመም። የመጨረሻዎቹን የምንፈልጋቸው መጨንገፉ ሲደጋገም ነው። ሲጋራና አልኮል ያለጥርጥር ይጎዳሉ። ጥምቀት እየመጣ ነው፤ ቤታችሁ በእንግዳ ይሞላል፣ ጋኑም ይጠመቃል። መጥመቁ አይጎዳሽም፣ ጠላውንና አረቄውን ግን አትቅመሺ። ቡና በቀን አንድ ሁለት ስኒ ይፈቀዳል፤ ጠዋት ከቤት፣ ከሰዓት ከጎረቤት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲደረደር ግን ሳይታወቅ ከልኩ ያልፋል። ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ማድረግ ልማድ ነው፤ አሁን ግን ተዪው፤ ጨምቆ መጠጣቱማ ጭራሽ አይታሰብም። ኮሶም እንዲሁ።

ጾሙ ጽንስ አላስወረደም። ነገር ግን ማቅለሽለሽ ባለበት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል ያደክምሻል፤ ነፍስ አባትሽን አማክሪ፤ ለእርጉዝ ምን እንደሚፈቀድ እሳቸው ያውቃሉ። ጠበሉንም በልኩ ጠጪ፤ እንክብሉን ግን በጠበል ምክንያት አታቋርጪ። የአይረንና የፎሊክ አሲዱን ማለቴ ነው፤ ደሙን አያቆመውም፣ ለልጁ ግን ያስፈልገዋል።

መተኛትን በተመለከተ፣ እኛ ራሳችን ሐኪሞች ለብዙ ዓመት «ፍጹም ዕረፍት» እያልን ጽፈናል። ሲጠና ግን የተኙትና ያልተኙት ልዩነት አልታየባቸውም። ቀንም ሌትም መተኛት ደም በደም ሥር ውስጥ የመርጋት አደጋ አለው፤ ሐሳብም ያበዛል። ስለዚህ ሲደክምሽ ዕረፊ፣ ሲቀልሽ ሥሪ፣ ከባዱን ለሌላ ስጪ። ደሙ እስኪቆምና ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት እስኪያልፍ ግንኙነት ቢቀር ይሻላል፤ ይህ ከማስረጃ ይልቅ ከጥንቃቄ የመጣ ምክር ነው። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አይሁን።

መርፌውን በተመለከተ፣ የምትጠይቂው ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሆርሞን ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ አገር ደም የታያቸው 4,153 እርጉዞች ላይ ትልቅ ሙከራ ታትሟል። በጠቅላላው ሲታይ ሆርሞኑን ከወሰዱት 75 በመቶ፣ ካልወሰዱት 72 በመቶ ሕያው ልጅ ወልደዋል፤ ይህ ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ጊዜ በጨነገፈባቸው ላይ ግን 72 ለ57 ሆነ። ይህን ተከትሎ የእንግሊዝ መመሪያ በ2021 ተለወጠ፦ ደም ለታያት፣ ከዚህ በፊት አንድም ጊዜ ቢሆን ለጨነገፈባት፣ ጽንሱም ማሕፀን ውስጥ መሆኑ ለተረጋገጠላት ሴት 400 ሚሊ ግራም ፕሮጄስትሮን ጠዋትና ማታ በብልት የሚቀመጥ፣ የልብ ምት ካለ 16 ሳምንት እስኪሞላ። ጠቀሜታው አንድ ጊዜ ብቻ ለጨነገፈባት ትንሽ ነው፤ አንቺ ግን ከተጠቀሱት ውስጥ ነሽ። ስለዚህ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪምሽን «ለእኔ ይሆናል ወይ?» ብለሽ መጠየቅ መብትሽ ነው። በክሮሞሶም የተዛባ ጽንስን ግን ምንም መርፌ አያቆመውም፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ገዝቶ መወጋትም ገንዘብ ከማባከን ያለፈ ፋይዳ የለውም።

ቀጠሮ ሳትጠብቂ የምትሄጂባቸውን ምልክቶች ባለቤትሽም አማትሽም ይወቋቸው። በሰዓት ሁለት ሞዴስ ሙሉ በሙሉ እየራሰ ሁለት ሰዓት ከቆየ፤ ትልልቅ የረጋ ደም ወይም ሥጋ መሰል ነገር ከወጣ (ካገኘሽው በንጹሕ ዕቃ ይዘሽው ሂጂ)፤ ሕመሙ እየበረታ ከሄደ፤ ራስሽን ካዞረሽ ወይም ከወደቅሽ፤ ትኩሳት ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ ከመጣ። ሌሊት ከሆነ ሊነጋ ነው ብላችሁ አትጠብቁ። አምቡላንስ ከዘገየ በዚያው ባጃጅ፣ ከሰው ጋር፣ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል። ደም የሚሰጥ ሰው ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ኦ ኔጌቲቭ የሆነ ዘመድ ካላችሁ ስልኩ በእጃችሁ ይሁን።

ምንም ካልተባባሰ፣ ሁለተኛው አልትራሳውንድ ከአሥር እስከ ዐሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ይሁን፤ ከገና በፊት ማለት ነው። የፊተኛውን ወረቀትና የባለቤትሽን የደም ዓይነት ውጤት ይዛችሁ ሂዱ። አማትሽም ሊመጡ ከፈቀዱ አብረው ይግቡ፤ የልቡን ምት በስክሪኑ ላይ ያሳዩአቸው።